የአብራሪዎች የጡረታ ዕድሜና በውጭ አገር የመሥራት ዕድል



ስለ አብራሪዎች የጡረታ ዕድሜ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ሕጉ ስንት ዓመት እንደሚል ነው። በውጭ አገር ለመሥራት ለሚያስብ አብራሪ ግን የሚቀድመው ጥያቄ ሕጉ የማን ነው የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት እያንዳንዱ አገር በሰማዩ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ያጸናል። ስለሆነም ዓለም አቀፉን መለኪያ የማያሟላ አብራሪ፣ ፈቃዱን የሰጠው አገር ቢቀበለውም፣ የሚገባበት አገር ካልፈቀደ ድንበር ተሻግሮ መብረር አይችልም።

የዚህን ክብደት አንድ የአውስትራሊያ ክርክር ያሳያል። የኳንታስ አየር መንገድ የቦይንግ 747 ካፒቴን የነበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 60 ዓመት ሞላው። የአገሩ ሕግ አልከለከለውም። ሆኖም ብዙ አገሮች በዋና አብራሪነት ወደ ሰማያቸው እንዳይገባ ስለከለከሉ፣ የቀሩለት እንደ ኒውዚላንድና ፊጂ ያሉ ጥቂት መዳረሻዎች ብቻ ነበሩ። ከሥራ ሲሰናበት ከሰሰ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ለአየር መንገዱ ፈረደ።

ተቃራኒው በአሜሪካ ታየ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ጣሪያውን ወደ 65 ሲያነሣ፣ አሜሪካ ለራሷ አየር መንገዶች 60ን እንደያዘች ቆየች። የ62 ዓመት የውጭ አገር ካፒቴን መንገደኛ ይዞ ኒው ዮርክ ሲያርፍ፣ አሜሪካዊው እኩያው ግን በአገሩ አየር መንገድ እንዳይበር ተከልክሎ ነበር። ኮንግረስ ልዩነቱን ያስወገደው በዲሴምበር 2007 ነው።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2015 እስከ 67 ዓመት መብረርን ፈቅዳለች። ይህ ውሳኔ ግን ሌሎች አገሮችን አያስገድድም፤ ተጨማሪዎቹ ዓመታት በዋናነት የሚያገለግሉት በአገር ውስጥ መስመሮች ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ፓርላማ ብቻውን ዕድሜ ቢጨምር የሚሰጠው ዕድል በድንበሩ የተወሰነ መሆኑን ነው። እንደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ መዳረሻዎቹ በብዛት ከአገር ውጭ ለሆኑ ድርጅት፣ የአገር ውስጥ ሕግ ብቻውን ቢሻሻል ጥቅሙ ጠባብ ይሆናል። ጣሪያው ሲደርስ ለአንጋፋው አብራሪ የሚቀሩት ሕግ የሚፈቅዳቸው የአገር ውስጥ በረራዎችና የማሠልጠን ሥራ ናቸው። የውጭ የሥራ ውል የሚፈርም ወጣት አብራሪም ከደመወዙ ጋር የሚበርባቸውን መስመሮች ይመርምር፤ የሥራ ዘመኑን የሚወስኑት እነርሱ ናቸውና።