ሌሊት ለጥበቃ፣ ቀን ለሸንጎ፦ በራያ ቆቦ ስለ አካባቢ ደኅንነትና ስለ ሕዝብ ተሳትፎ



አስቀድሜ የምናገርለትን ሥፍራ ልለይ። ሮቢት ስል ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ሸዋ ሮቢትን ማለቴ አይደለም። ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲኬድ የምትገኘውን፣ የራያ ቆቦዋን ሮቢት ማለቴ ነው። በምዕራቧ የደጋው ገደላገደል፣ በምሥራቋ የዞብል ተራሮች፣ ከዚያ ወዲያም የአፋር ምድር አለ። ሜዳው ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። ዝናቡ አጭርና የማይታመን ስለሆነም ገበሬው ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል።

ይህችን ሥፍራ የመረጥኩት ሦስት የደኅንነት ጉዳዮች በአንድነት ስለሚገናኙባት ነው። አውራ ጎዳናው ንግድንም፣ የማይታወቅ መንገደኛንም፣ በጦርነት ዘመን ጦርንም ያመጣል። ጎርፉ በላይኛውና በታችኛው ገበሬ መካከል የውሃ ክርክር ያስነሣል። የምሥራቁ ግጦሽ ደግሞ የከብትን፣ አንዳንዴም የደምን ነገር ያመጣል። ሦስቱንም ጥቂት ፖሊሶች ብቻቸውን ሊይዟቸው አይችሉም። የነዋሪው ተሳትፎ ግዴታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጥያቄው ነዋሪው ይሳተፍ ወይስ አይሳተፍ የሚል አይደለም፤ ሁልጊዜም ተሳትፏል። ጥያቄው በምን ይሳተፍ የሚል ነው።

የዛሬው መከራከሪያዬ አጭር ነው። በአገራችን የገጠር አስተዳደር ታሪክ ሕዝቡ ሌሊት ለጥበቃ ሲጠራ ኖሯል፤ ቀን ለሸንጎ የተጠራው ግን ከስንት አንዴ ነው። ሸክሙ ተሰጠው፤ የመጠየቅ ሥልጣኑ አልተሰጠውም። ሁለቱ ካልተጣመሩ ተሳትፎ ከግብር አይለይም።

ታሪኩን ከአፈርሳታ፣ በሌላ ስሙ ከአውጫጭኝ ልጀምር። ስርቆት ወይም ግድያ ተፈጽሞ ወንጀለኛው ሲሰወር የአካባቢው ሰው በሹም ትእዛዝ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። የነገረውን ሰው ስም መግለጥ የሚፈራም «ወፍ ነገረችኝ» የሚል መሸሸጊያ ነበረው። የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ወንጀለኛው ካልተገኘም ጉዳቱን አገሬው በጋራ የሚከፍልበት ጊዜ ነበር። ሥርዓቱ ጥበብ እንደነበረው አልክድም። መንደር ውስጥ የሚደረገውን ከመንደርተኛው የበለጠ የሚያውቅ እንደሌለ ተረድቶ ነበር፤ ምስክርንም ከበቀል የሚጠብቅበት ዘዴ ነበረው። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። ሕዝቡ ይማላል፣ ይመሰክራል፣ ይከፍላል፤ ሰብሳቢውን ሹም ግን «ለምን ሰበሰብከን? የሰበሰብከውን ቅጣትስ ምን አደረግኸው?» ብሎ መጠየቅ አይችልም።

ወደ ራያ ስንመጣ በመንግሥትና በአገሬው መካከል የነበረው አለመተማመን ነገሩን ያብሰዋል። የራያና የአዘቦ ሕዝብ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በማዕከላዊው መንግሥት ላይ ዐመፀ፤ በ1935 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማይ ወያነ ተብሎ በሚታወቀው ንቅናቄ ውስጥ ራያዎች ተሳትፈዋል። ከዚያ በኋላ የነበሩ ሹማምንት ይህን አገር በዋናነት ሊያረጋጉትና ሊያስገብሩት የሚገባ አገር አድርገው አዩት። እንዲህ የታየ ሕዝብ ወንጀለኛን እንዲያጋልጥ ይታዘዛል፤ የአስተዳደሩን መዝገብ እንዲመረምር ግን አይጋበዝም።

በ1940ዎቹ መባቻ የወጣው የአጥቢያ ዳኞች አዋጅ ፍርድን ወደ መንደር ለማቅረብ ሞከረ። አጥቢያ ዳኛው ከ25 ብር ያልበለጠ የፍትሐ ብሔር ክርክርን ማየት ይችል ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ዳኛው ግን በተግባር ከባለርስቱና ከባለ ሥልጣኑ ወገን የሚወጣ ሰው ነበር። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የገበሬ ማኅበራት አዋጅ ከዚህ እጅግ የራቀ ቃል ገባ። ገበሬው የራሱን ሊቀ መንበር እንዲመርጥ፣ የራሱ የፍርድ ሸንጎና የራሱ የጥበቃ ጓድ እንዲኖረው ደነገገ። በወረቀት ላይ ጥበቃና ሸንጎ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ የኮታ እህል መሰብሰቢያና የወታደር መመልመያ ሆነ። የመረጠው ገበሬ ሊያወርደው የማይችለው ሊቀ መንበር ለወረዳው ብቻ ተጠሪ ሆነ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይናገራል። ቀበሌው ምክር ቤት አለው፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎትም የተለመደ ስም ሆኗል። እስቲ ግን እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፦ ወደ ቀበሌ የምንሄደው መቼ ነው? አብዛኞቻችን መታወቂያ ለማሳደስ፣ ወይም የድጋፍ ደብዳቤ ለማጻፍ ነው። የቀበሌ ምክር ቤት ሲሰበሰብ ገብቶ ያዳመጠ፣ ቃለ ጉባኤውን አሳዩኝ ያለ ከመካከላችን ስንት ነው?

እስካሁን የተናገርኩት ጨለማ እንዳይመስላችሁ፣ ጥበቃና ተጠያቂነት የሚገናኙበትን ሥፍራ በዚያው በራያ ምድር ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው ውሃ ነው። ጎርፍ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሌሊትም ሊመጣ ይችላል። ሲመጣ ጠለፋውን የሚሠራ፣ ተራ የሚያስከብር፣ ተራውን የጣሰን የሚቀጣ ሰው ያስፈልጋል። በብዙ የአገራችን ክፍል ይህን የሚሠራው በተጠቃሚዎቹ የተመረጠ የውሃ አባት ነው። የውሃ አባት ያደላ እንደሆነ አድልዎው አይደበቅም፤ የማን ማሽላ እንደጠጣና የማን እንደደረቀ ከመንገድ ላይ ይታያል። የሚቀጥለው ዓመት ምርጫም ሩቅ አይደለም። የፖለቲካ ሳይንቲስቷ ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ረጅም ዕድሜ ያላቸው የጋራ ሀብት ሥርዓቶች ከሚጋሯቸው ባሕርያት አንዱ ተቆጣጣሪዎቹ ለተጠቃሚዎቹ ተጠሪ መሆናቸው እንደሆነ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላት ምርምር ለራያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። አገራችንም በ2006 ዓ.ም. ባወጣችው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ይህን ልማድ ሕጋዊ ሰውነት ልትሰጠው ሞክራለች።

ሁለተኛው እርቅ ነው። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባል የሽማግሌዎች የእርቅ ሥርዓት አለ። የሰው ነፍስ ሲጠፋ መደበኛው ፍርድ ቤት ገዳዩን ይመለከታል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 መሠረት ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ነገር ግን የሟች ወንድም በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ ተከራካሪ አይደለም፤ የገዳይ የአጎት ልጅም አይደለም። ደሙ የሚዞረው ግን በእነርሱ መካከል ነው። ሽማግሌዎች የሚሠሩት ፍርድ ቤቱ በማይደርስበት በዚህ ሥፍራ ነው፤ ሥራቸው ሁለተኛው ሰው እንዳይሞት ማድረግ ነው። ሽማግሌው የሚሰማውም የሚከበር ስለሆነ ነው፤ ካዳላ በሚቀጥለው ጉዳይ የሚጠራው አይኖርም። እርሱም እንደ ውሃ አባቱ በሚያገለግላቸው ሰዎች ፊት ይመዘናል።

እዚህ ላይ ግን ልማድን በጅምላ እንዳናወድስ መጠንቀቅ ይገባናል። በሽምግልና ዙሪያ የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። የጠለፋ ጋብቻን አስቡ። በብዙ የአገራችን ክፍል ልጅቱ ትጠለፋለች፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ይታረቃሉ። ታረቁ የተባሉት ግን አባትና አማች ናቸው፤ የልጅቱን ቃል የሰማ ሸንጎ የለም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራሱ ጠላፊው ያገባት እንደሆነ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው፤ ያ በር የተዘጋው በ1996ቱ ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በባህላዊና በሃይማኖታዊ ሕጎች እንዲዳኙ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። ተከራካሪ የሚለው ቃል እርሷን ካላካተተ ስምምነቱ ስምምነት አይደለም። ስለዚህ መለኪያችን ልማድ ወይስ ዘመናዊ የሚል ሳይሆን፣ ውሳኔው የሚነካው ሰው በሸንጎው ፊት ቃሉ ተሰምቷል ወይ የሚል ይሁን።

ከውጭም አንድ ምሳሌ ላክል። በምዕራብና በሰሜን ታንዛንያ የሱኩማና የንያምዌዚ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የከብት ሌቦች ሲያስቸግሯቸው ሱንጉሱንጉ የሚባል የመንደር ጥበቃ አቋቋሙ። የመረጡት ራሳቸው፣ የሚያስተዳድሩትም ራሳቸው ነበሩ። መንግሥት በኋላ በሕግ እውቅና ሰጠው። ነገር ግን በአንዳንድ ሥፍራ ያው ጥበቃ ተጠርጣሪን ያለ ፍርድ መደብደብ፣ በመተት የተጠረጠሩ አሮጊቶችን ማሳደድም ጀመረ። ከሕዝቡ የወጣ ጥበቃ ሁሉ በባሕርዩ ጻድቅ አይደለም። የጠባቂው እጅ ሲረዝም የሚይዘው ሕግና መዝገብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዘመናችን ልመለስ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ራያ ቆቦ በተደጋጋሚ የጦር ሜዳ ሆኗል። ከዚያ በኋላም ክልላችን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወደታወጀበት ሌላ ግጭት ገባ። እንዲህ ባለ ዘመን ወንበር ላይ መቀመጥ አደጋ አለው። የቀበሌ ሹመት የተቀበለ በአንዱ ወገን ይጠረጠራል፤ እምቢ ያለ በሌላው። ይህን እያወቅሁ «ሂዱና ተመረጡ» ብዬ በቀላሉ ላዝዛችሁ አልችልም። ነገር ግን ይህ ሁኔታ ራሱ አንድ ነገር ያስተምረናል። ሥልጣን ያለው ወገን ቢቀያየርም ውሃ መከፋፈሉ፣ ገበያ መጠበቁ፣ ሌባ መያዙ፣ ደም መድረቁ አይቀርም። እነዚህ ሥራዎች የማንም ወገን አይደሉም። የመንደር ሸንጎ ራሱን በእነዚህ ሥራዎች ቢወስን፣ የሚወስነውንም በግልጽ ቢመዘግብ፣ ለክስም ለጥርጣሬም የሚሰጠው ቀዳዳ ይጠባል። አደጋው ፈጽሞ ይጠፋል አልልም።

ለተግባር እንዲመች ሦስት ጥያቄዎች ልተውላችሁ። አንደኛ፣ ጠባቂውን ማን መረጠው? ሁለተኛ፣ የሠራውና የሰበሰበው የት ተመዘገበ? ሦስተኛ፣ ቢበድል ማን ያወርደዋል? ሦስቱንም ለምናውቀው ነገር፣ ለሌሊት ዘብ መዋጮ እንጠቀምባቸው። መዋጮው ከቤት ወደ ቤት ይሰበሰባል። ደረሰኝ አለው? የዘቡ ተራ ተጽፎ ተለጥፏል፣ ወይስ ባለጸጋው ተራውን በደሃው ትከሻ ያስመልጣል? ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር ሴት ገንዘቡን ትከፍላለች፤ ስብሰባው ላይስ ትናገራለች? ሌሊት የተያዘ ተጠርጣሪ እስኪነጋ የት ይቆያል? ሲነጋስ ለማን ይሰጣል? ሕገ መንግሥታችን የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ በመንገድ የሚጠፋው ጊዜ ግን አይቆጠርም። ዘቡ ይህን ማወቅ አለበት።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ ብዙዎች ለእረፍት ወደየቀበሌያችሁ ትመለሳላችሁ። ሽማግሌ ለመሆን ዕድሜያችሁ አልደረሰም፤ እንዲደርስም አትቸኩሉ። መጻፍ ግን ትችላላችሁ። በብዙ መንደር የሚጎድለው የሚያወያይ ሰው አይደለም፤ የተወሰነውን በጥራት ጽፎ፣ ለተሰብሳቢው መልሶ አንብቦ፣ የተቃወመውንም ቃል ሳያስቀር የሚያስፈርም ጸሐፊ ነው። የሕግ ተማሪ የቀበሌውን ዘቦች ስለ መያዝ ሕግ አንድ ከሰዓት ሊያስተምር ይችላል። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የመዋጮውን ገቢና ወጪ በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ሊለጥፍ ይችላል። ይህን ለማድረግ ሹመት አያስፈልግም፤ ፈቃድ መጠየቅና መታገሥ ግን ያስፈልጋል። እምቢ ቢሏችሁም የጠየቃችሁት ጥያቄ በመንደሩ ውስጥ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ ሰው ያነሣዋል።

ለእኛ ለመምህራንም የቤት ሥራ አለን። ኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 240 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ መዋቅር ሰጥቷል። ጥሩም መጥፎም ውጤቱን መመርመር፣ ዘወልድን ለመሰለ ሥርዓት የሚስማማውንና የማይስማማውን መለየት የእኛ ድርሻ ነው። እውቅና መስጠት ሽማግሌውን ወደ ቢሮ ሠራተኛነት እንዳይለውጠው፣ አለመስጠትም ሴቲቱን ያለ ይግባኝ እንዳይተዋት መፈተሽ አለብን። ይህ ጥናት ሮቢትን በመሰሉ ከተሞች፣ ከሽማግሌዎቹም፣ ዕድል አግኝተው ካልተናገሩትም ሰዎች ጋር ተቀምጦ የሚሠራ ነው።

 ጥያቄና ተቃውሞ ካላችሁ፣ ተቃውሞውን አስቀድሙ።