ማወቅ ሌላ፥ ማሳወቅ ሌላ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



በዚህ ምሽት እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በመካከላችን ብዙ ጊዜ የሚነሣ ነው። አንድ ሰው በሒሳብ ሠራተኛነት፥ በጠበቃነት ወይም በመሐንዲስነት ሲሠራ ከቈየ በኋላ ሥራውን ይተውና፥ አንድ ቀን እንኳ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ሳይቆም፥ እንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ይህ ሰው ሊመሰገን ይገባዋልን ወይስ ሊነቀፍ? ከእኛም መካከል ይህን መንገድ የሚያስቡ ስላሉ ነገሩን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአሜሪካ የሰላም ጓድ በ1961 ተቋቋመ፤ በማግሥቱ ዓመት በ1962 ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፥ አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ከኮሌጅ የወጡት በዚያው ሰሞን ነበር፤ በመምህርነት ሠርተው የማያውቁም ጥቂቶች አልነበሩም። መምህር አጥተው ለተቸገሩ ትምህርት ቤቶች መድረሳቸው ትልቅ ርዳታ ስለ ነበረ፥ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። የአገልግሎታቸው ዘመን ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። አዲስ መምህር የመጀመሪያውን ዓመት ክፍል መያዝን ሲማርበት የሚያልፍ ከሆነ፥ ሥራውን በለመደ ማግሥት ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል ማለት ነው።

ይህን ስል ጥፋቱን በውጭ ሰዎች ላይ ለመጣል አይደለም። በ1964 በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መሠረት የእኛው ተማሪዎች፥ የሕጉም የምሕንድስናውም፥ ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር ከተሞች እየተላኩ አስተምረዋል። ስለዚህ ጥያቄው የዜግነት ጥያቄ አይደለም። ጥያቄው እንዲህ ነው፤ መምህሩ ሥራውን እስኪለምድ ድረስ ዋጋውን የሚከፍል ማን ነው?

የሚከፍለው ተማሪው ነው። መምህሩ ዘንድሮ ያበላሸውን በሚመጣው ዓመት ያርመዋል፤ ተማሪው ግን ዘጠነኛ ክፍልን የሚማረው አንድ ጊዜ ነው። ያመለጠው ነገር በአሥረኛው ክፍል ተከትሎት ይሄዳል፤ በአገራችን እንደ ሆነ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ በቋንቋው የደከመ ልጅ በፊዚክሱም በታሪኩም ይደክማል።

አንዳንድ ሰዎች «እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ ለሆነ ሰው ምን ልምምድ ያስፈልገዋል?» ይላሉ። መልሱን ከራሳችን ቋንቋ እንፈልገው። አንድ እንግዳ ሰው «መጣ» እና «መጥቷል» የሚለያዩት በምንድር ነው ብሎ ቢጠይቀን፥ ከዚህ አዳራሽ ስንቶቻችን አጥጋቢ መልስ እንሰጣለን? ሁላችንም ሳንሳሳት እንናገራቸዋለን፤ ለማስረዳት ግን እንቸገራለን። ማወቅ ሌላ፥ ማሳወቅ ሌላ ያልሁት ስለዚህ ነው።

የእኛ አገር ተማሪ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ብሎ ሲጽፍ፥ ከለንደን ወይም ከቺካጎ የመጣው አዲስ መምህር ስሕተት መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ በቀይ ቀለምም ይሰርዘዋል። ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ግን አያይም። ተማሪው በልቡ «ትናንት አይቼዋለሁ» ብሎ ነው የጻፈው፤ በአማርኛ ይህ ትክክል ነው። ይህን መንገድ ራሱ የሄደበት ኢትዮጵያዊ መምህር ምክንያቱን ሊያውቀው ይችላል። እርሱም ቢሆን ስድሳ ልጆችን በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዴት እንደሚያለማምድ ካልተማረ፥ ማወቁ ብቻውን አይበቃውም።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? ጃፓን በ1987 ጄት በሚባለው መርሐ ግብር በማናቸውም ትምህርት ዲግሪ ያላቸውን ወጣቶች የማስተማር ልምድ ሳትጠይቅ መቀበል ጀመረች፤ ነገር ግን የሚቀጠሩት በረዳትነት ስለ ሆነ፥ ከጃፓናዊው መምህር ጎን ቆመው ይሠራሉ። በእንግሊዝ አገር ጆንና ብሪታ ሄይክራፍት በ1962 በለንደን ለአዲስ የእንግሊዝኛ መምህራን የሁለት ሳምንት ኮርስ ከፈቱ። ዛሬ ሴልታ የሚባለው የካምብሪጅ ሰርቲፊኬት ከዚያ ጅምር ያደገ ነው፤ የሚፈጀው አራት ሳምንት ወይም 120 ሰዓት ያህል ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ ስድስቱን ሰዓት እጩው በእውነተኛ ተማሪዎች ፊት፥ ልምድ ያለው መምህር እየተመለከተው ያስተምራል። አራት ሳምንት መምህር አያደርግም፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ስሕተቶች የሚያርም ሰው ባለበት እንዲደረጉ ያደርጋል።

በሌላ በኩል ለእኛ የሚመር ነገር አለ። የደቡብ ኮሪያ የእንግሊዝኛ መምህርነት ቪዛ፥ በልዩ ስምምነት ከሚፈቀደው በቀር፥ ለሰባት አገሮች ዜጎች ብቻ የተወሰነ ነው። ስለዚህ በሂሳብ ሥራ የኖረ አውስትራሊያዊ ሲፈቀድለት፥ እንግሊዝኛን ለዓመታት ያስተማረ ኢትዮጵያዊ ከደጅ ይመለሳል። ፓስፖርት ክፍል ገብቶ አያስተምርም። ይህን ሚዛን የምንነቅፍ ከሆነ ግን፥ እኛም ዲግሪያችንን ብቻ ይዘን «እንግሊዝኛ እናውቃለን» ማለት አይገባንም፤ በፓስፖርት ፈንታ ችሎታ ይመዘን የሚል ሰው ለመመዘን ዝግጁ መሆን አለበት።

እንግዲህ ሙያውን ለውጦ ለማስተማር የሚሄደውን ሰው አልነቅፈውም። ከመሄዱ በፊት ግን ሦስት ነገር ይፈጽም እላለሁ። አንደኛ፥ ሌላ ሰው እያየው ያስተምርና ወቀሳውን ይስማ። ሁለተኛ፥ የሚሄድበትን አገር ቋንቋ ጥቂት እንኳ ይማር፤ የጃፓን ልጅ «ራይት»ንና «ላይት»ን፥ የዐረብ ልጅ «ፓርክ»ንና «ባርክ»ን ለምን እንደሚያደባልቅ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ሦስተኛ፥ ብቻውን ክፍል ከመረከቡ በፊት በነባር መምህር ሥር ረዳት ይሁን፤ ያም ነባር መምህር የአገሩ ተወላጅ ቢሆን አይፈር፥ ሊማርበት ይገባልና።

በመጨረሻም ማኅበራችን አንድ ነገር እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። ከምርቃት በኋላ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ማስተማርን የሚያስቡ ጓደኞቻችን፥ በሳምንት አንድ ማታ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች እንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ ክፍል ይፈለግ። መምህራኖቻችንም በኋላ ወንበር ተቀምጠው ያዩትን ጉድለት ሳያዝኑልን እንዲነግሩን በትሕትና እንለምናለን። እዚህ የምንሰማው ወቀሳ፥ ነገ አንድ የማናውቀው ልጅ ከሚያጣው ዓመት እጅግ ይቀላል።