የተረሳች አንዲት ካርታ



የካርታ ጨዋታ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችሁ የሥራ ፈት ነገር ነው ሳትሉ አትቀሩም። ነገር ግን ብሪጅ የሚባለው ጨዋታ የተጻፈ ሕግ፥ ዳኛና ይግባኝም ያለው ነው። የዛሬውን የነጥብ አቈጣጠር መሠረት አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1925 ዓ.ም. በመርከብ ሲጓዝ እንዳወጣው ይታወቃል። የዓለም ፌዴሬሽኑ በ1958 ተቋቋመ። ሕጉ በየጊዜው የሚታረም ስለሆነ፥ እኔ የምጠቅሰው በ2017 የወጣውን ነው።

አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው፥ ባልደረባ ከባልደረባው ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱም 13 ካርታ ይደርሰዋል። በየዙሩ አንዱ ሲጀምር የቀሩት ያንኑ ዓይነት ካርታ ካላቸው እርሱኑ መጣል ግዴታቸው ነው። ሌላ ዓይነት መጣል የሚፈቀደው ለሌለው ሰው ብቻ ነው።

እንግዲህ እርስዎ በውድድር ላይ ተቀምጠዋል እንበል። ጨዋታውን የሚመሩት እርስዎ ነዎት፤ ባልደረባዎ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ገልጦ ይመለከታል። ባላጋራዎ ልብ የተሣለበትን ካርታ ጣለ። እርስዎም ልብ የለኝም ብለው፥ ለዚያ ጨዋታ አሸናፊ ዓይነት የሆነውን ዳይመንድ ጥለው ዙሩን ወሰዱ። ይሁን እንጂ የልብ ስድስት ከዳይመንዶቹ መካከል ተሸሽጋ ኖሯል፤ ሁለቱም ቀይ ናቸውና ዓይን ይሳሳታል።

ባልደረባዎ ያን ጊዜውኑ «ልብ የለዎትም?» ብሎ ሊጠይቅዎ ይችላል፤ ሕጉ ፈቅዶለታል። ወደሚቀጥለው ዙር ሳይታለፍ ካስታወሱ ዳይመንዱን አንሥተው ልቡን መጣል አለብዎ፤ ጉዳዩም በዚሁ ያበቃል። እርስዎ ወይም ባልደረባዎ ለሚቀጥለው ዙር ካርታ ከጣላችሁ በኋላ ግን ስሕተቱ ጸንቷል፤ መመለሻ የለውም። ባልደረባዎም ቢያውቅ እንኳ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ አፉን መዝጋት አለበት።

ዋጋው የታወቀ ነው። በዳይመንዱ ያሸነፉት ዙር ለባላጋራ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ካሸነፋችሁት ደግሞ አንድ ዙር ይጨመርበታል። ይህ ጉዳታቸውን የማይክስ ሆኖ ከተገኘ ዳኛው ውጤቱን ያስተካክላል። ተጫዋቾች ግን እርስ በርሳቸው ተስማምተው ቅጣት መወሰን አይችሉም፤ ከመካከላቸው በዕድሜም በልምድም የላቀ ሰው ቢኖር እንኳ ዳኛ መጥራት ግድ ነው።

አሁን ሁለት ዙር አልፎ ያችን ስድስት አዩአት። ማንም አላወቀም። መናገር ይገባዎታልን? ሕጉ አያስገድድዎትም! የራስን ወገን ጥፋት የማሳወቅ ግዴታ በጠቅላላው የለም። እውነቱን ልናገርና፥ ይህን አንቀጽ መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር። በውድድር እነዚያው ካርታዎች በሌሎች ጠረጴዛዎችም ይጫወቱባቸዋል፤ ውጤቱም ይነጻጸራል። ስለዚህ የእርስዎ ዝምታ የሚጎዳው ከፊትዎ የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን፥ በአዳራሹ ማዶ ያሉትንና ፊታቸውን እንኳ ያላዩአቸውን ጭምር ነው። ሕግ አውጪዎቹ፥ መቼ እንዳስታወሱ ማንም ሊመሰክር በማይችልበት ነገር ላይ ኑዛዜ ማዘዝ አልወደዱም ይመስለኛል። መናገርን ግን አልከለከሉም።

የከለከሉት መደበቅን ነው። ካርታን ያለጊዜው መቀላቀል፥ የተረሳችውን ካርታ መሸሸግ፥ ወይም የመጀመሪያውን ስሕተት ለመሸፈን ሁለተኛ መሥራት አይፈቀድም። በውድድር ላይ የተጣለ ካርታ ከመሐል አይሰበሰብም፤ እያንዳንዱ የራሱን በፊቱ ገልብጦ በተራ ያኖረዋል።

እነሆ፥ ባላጋራዎ እንደገና ልብ ጣለ። በእጅዎ ያለችው ልብ ያችው ስድስት ብቻ ናት። ብትወጣ ሁሉም ሊያያት ነው። ሌላ ካርታ ቢጥሉ ደግሞ ቅድም የዘነጋ ሰው ነበሩ፥ አሁን ግን እያወቀ የሚያታልል ሰው ሆኑ ማለት ነው። ስድስቷን ጣሏት። ባላጋራዎ ቀና ብሎ አየዎትና፥ ቅድም ልብ ሲጣል ዳይመንድ ጥለው እንዳልነበረ ጠየቀ። እርስዎም እጅዎን አንሥተው ዳኛውን ጠሩ፤ ዳኛውም መጥቶ ጨዋታው እንዲቀጥል አዘዘ፤ ሲያበቃም የተገለበጡትን ካርታዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ ይገልጥ ጀመር።