ማንበቢያ በሌለው ኮምፒዩተር ከአሮጌ ዲቪዲ ውስጥ ያለውን ነገር ስለ ማውጣት
(በአራዳ፥ በእሪ በከንቱ ሰፈር ለመምህራንና ለሽማግሎች የተነገረ)



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በየትምህርት ቤታችን ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ያለና በቶሎ ካላሰብንለት የሚጠፋ ሀብት ስለ ሆነ፥ ጥቂት ጊዜ ታደምጡኝ ዘንድ እለምናችኋለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ዲቪዲ ይዤ ከገጠር ወደዚህ መጣሁ። ዲቪዲው በ2001 ዓ.ም. አንድ አረጋዊ መምህር ከሥራቸው ሲሰናበቱ የተቀዳ ነው። እሳቸው ዐርፈዋል፤ ድምፃቸው የቀረው በዚያ ዲቪዲ ላይ ብቻ ነው። ለትምህርት ቤቱ የተሰጠው ኮምፒዩተር አዲስና መልካም ነው፤ ሆኖም ዲቪዲ የሚገባበት ቦታ የለውም። የድሮውን ማጫወቻ ብናወጣው ከተበላሸ ቆይቷል። በፒያሳ ግን ፊልምና ዘፈን በቪሲዲና በዲቪዲ የሚሸጡ ሱቆች እንደ ነበሩ ስለማውቅ፥ እዚያ መላ አላጣም ብዬ መጣሁ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ብዙ ሰፈር ፈርሷልና፥ የማውቃቸውን ሱቆች በቦታቸው አላገኘኋቸውም። የዚህ ሰፈር ስም የወጣው፥ በድሮ ጊዜ በሌሊት ቀማኛ የያዘው ሰው እሪ ቢል የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል፤ እኔም በዚያን ቀን ስሙ ለእኔ የወጣ መሰለኝ።

አሁን የነገሩን ሥር እንመልከት። ዲቪዲ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 በጃፓን ለገበያ የወጣ፥ ወርዱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ነገር ነው። ተራው 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ ይህም የሲዲን ስድስት እጥፍ ያህል ነው። የሚያነበው ቀይ የሌዘር ብርሃን ስለ ሆነ፥ ሌዘሩ የሌለው ኮምፒዩተር ምንም ብልህ ቢሆን ሊያነበው አይችልም። ፋብሪካዎቹ ማንበቢያውን ያስቀሩት ኮምፒዩተሩ እንዲቀጥንና እንዲቀል ብለው ነው፤ ለምሳሌ አፕል የሚባለው ኩባንያ በ2008 በፈረንጅ አቆጣጠር ያወጣው ማክቡክ ኤር ማንበቢያ አልነበረውም። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት።

ከሁሉ የሚቀለው መላ በዩኤስቢ ገመድ የሚሰካ የውጭ ማንበቢያ መግዛት ወይም መዋስ ነው፤ በገበያ ኤክስተርናል ዲቪዲ ራይተር ይሉታል። ኃይሉን ከኮምፒዩተሩ ስለሚስብ ሌላ መብራት አይፈልግም። አንዳንዱ ግን ሁለት መሰኪያ አለው፤ አንዱን ብቻ የሰካችሁ እንደ ሆነ ኃይል አንሶት ይንተፋተፋል፥ እናንተም ተበላሸ ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። አንድ ማንበቢያ ለአንድ ወረዳ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በተራ ሊበቃ ስለሚችል፥ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለየራሱ ይግዛ አልልም።

ማንበቢያው ተገኝቶም ፊልሙ እምቢ ሊል ይችላል። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፥ ማለት ከ2012 በፈረንጅ አቆጣጠር ወዲህ፥ የዲቪዲ ፊልም ማሳያውን ከዊንዶውስ ጋራ አብሮ መስጠቱን ትቷል። ለዚህ ቪኤልሲ የሚባለውን በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም መጫን ነው። በፈረንሳይ አገር በተማሪዎች የተጀመረ ሥራ መሆኑን ለተማሪዎቻችሁ ብትነግሩ ደስ ይለኛል።

ማንበቢያ ካልተገኘ፥ በቀበሌ ወይም በጎረቤት ያለ አሮጌ ኮምፒዩተር ፈልጉ። ዲቪዲውን ስትከፍቱ ቪዲዮ ቲኤስ የሚል ማኅደር ታያላችሁ፤ ማኅደሩን እንዳለ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። በውስጡ ያሉት የፊልም ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት ስለማይበልጡ በማናቸውም ፍላሽ ላይ ይቀመጣሉ። ዲቪዲውን በሙሉ አንድ ፋይል አድርጋችሁ የቀዳችሁት እንደ ሆነ ግን፥ ፋት 32 በሚባለው ሥርዐት የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለው ሞላሁ ይላል። እኔን ግማሽ ቀን ያደከመኝ ይህ ነው።

ዲቪዲውን ለሠራተኛ የምትሰጡ ከሆነ፥ ሳይጨርስ አትሂዱ። ቅጅውንም መጀመሪያውን ብቻ አይታችሁ አትቀበሉ፤ መካከሉንና መጨረሻውን አስከፍቱ።

በቤትና በሱቅ የተቀዳ ዲቪዲ በፋብሪካ እንደ ታተመው አይደለም። ጽሕፈቱ ያረፈው በስስ የቀለም ሽፋን ላይ ስለ ሆነ፥ ፀሐይና ሙቀት ያጠፉታል። ስለዚህ በመስኮት አጠገብ የተቀመጠውን አስቀድማችሁ ቅዱ። የቆሸሸውን በለስላሳ ጨርቅ ከመካከሉ ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ ዙሪያውን አትሹት። በአንዱ ማንበቢያ እምቢ ያለ በሌላው ሊከፈት ስለሚችል፥ ከመጣላችሁ በፊት ሌላ ሞክሩ። ለሽያጭ የታተመን ፊልም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ይከለክላል፤ እኔ የምናገረው የራሳችን ስለ ሆነው ነገር ነው።

የእኔን ዲቪዲ በመጨረሻ በአንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ አንድ ጎልማሳ ከፈተልኝ። በመጀመሪያው ማንበቢያ አልተነበበም፤ ከአሮጌ ላፕቶፕ ፈትቶ ባስቀመጠው በሌላው ግን ተነበበ። ቅጅውን በሁለት ፍላሽ አድርጌ፥ አንዱን ለትምህርት ቤቱ፥ አንዱን ለመምህሩ ልጅ ሰጠሁ። በመካከሉ አራት ደቂቃ ያህል ጠፍቷል፤ የጠፋውም መምህሩ የመጀመሪያ ተማሪዎቻቸውን በየስማቸው የሚጠሩበት ቦታ ነው። ከእናንተ አንዳንዶቹ በዚያ ዕለት እንደ ነበራችሁ ዐውቃለሁና፥ የምታስታውሱትን ስም ከመውጣታችሁ በፊት በዚህ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ።