ሳናኤ ታካይቺ፦ ሁለቴ ተረትተው በሦስተኛው የመጡት ሴት



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ጃፓናዊት የምክር ቤት ሰው ነው፤ ስለ ሳናኤ ታካይቺ። ብዙዎቻችሁ ስማቸውን የሰማችሁት ኦክቶበር 2025 የጃፓን የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው።) እኔን የሳበኝ ግን ሹመቱ ሳይሆን ከሹመቱ በፊት ያለው 32 ዓመት ነው።

የፖለቲካ ቤተሰብ ልጅ አይደሉም። ይሄ ጃፓን ውስጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ የምክር ቤት ወንበር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የሚታይበት አገር ነው። ደጋፊያቸው የነበሩት ሺንዞ አቤ የጠቅላይ ሚኒስትር የልጅ ልጅ ነበሩ። 2025 ላይ ለፓርቲ መሪነት ያሸነፏቸው ሺንጂሮ ኮይዙሚም የጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ናቸው። የታካይቺ እናት ግን ናራ ውስጥ ፖሊስ ነበሩ፤ አባታቸው የኩባንያ ተቀጣሪ።

1992 ለላይኛው ምክር ቤት ተወዳድረው ወደቁ። በዓመቱ በግል ተወዳድረው ታችኛው ምክር ቤት ገቡ። 2003 ወንበራቸውን አጡ፣ 2005 ተመለሱ። የሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ መሪ ለመሆን 2021 ሞከሩ፣ አልሆነም። 2024 በመጀመሪያው ዙር በ181 ድምፅ ቀደሙ፤ በሁለተኛው ዙር ግን ሺገሩ ኢሺባ 215 ለ194 ረቷቸው። በሦስተኛው አሸነፉ። ዲግሪዬን ይዤ ስንት በር እንዳንኳኳሁ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ ያቺ 194 ከአእምሮዬ ያልወጣችው ለዚህ ነው።

አቋማቸውስ? ወግ አጥባቂ ናቸው፣ አይደብቁትም። ጦርነትን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 እንዲሻሻል፣ ዙፋኑም በአባት የዘር ሐረግ ብቻ እንዲወረስ ይፈልጋሉ። ግን መፈክር ላይ አልቆሙም እኮ! ከ2022 ጀምሮ የኢኮኖሚ ደኅንነት ሚኒስትር ነበሩ። ቺፕ የት ይመረታል፣ ማዕድኑ ከማን ይገዛል፣ ምስጢር የሚያየው ሰው ማን ነው፤ ሥራቸው ይሄ ነበር። ምስጢራዊ መረጃ የሚይዙ ሰዎች አስቀድመው እንዲጣሩ የሚያዘው ሕግ 2024 ሲጸድቅ ጉዳዩን የያዙት እሳቸው ነበሩ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። በጃፓን ሕግ ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም መያዝ አለባቸው። እኛ ጋ ሴት ልጅ አግብታም የአባቷን ስም ይዛ ስለምትኖር ነገሩ ግር ይላል። እዚያ ስሟን የምትለውጠው አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ ናት። ታካይቺ ሕጉ እንዲለወጥ አይፈልጉም። 2021 ከቀድሞ ባለቤታቸው ጋር ዳግም ሲጋቡ ግን ስማቸውን የለወጡት ባልየው ናቸው!

የማልስማማበትን ሳልናገር ብወርድ ደግሞ ታማኝ አልሆንም። ያሱኩኒ የሚባል የጦር ሙታን መቅደስ አለ፤ ከ1978 ጀምሮ 14 ከፍተኛ የጦር ወንጀለኞችም እዚያ ይዘከራሉ። ታካይቺ ሚኒስትር ሳሉ እንኳ ይሄዱ ነበር። 2012 ጣሊያን አፊሌ ላይ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲቆም ደማችን እንዴት እንደፈላ አስታውሱ። የኮሪያና የቻይና ልጅም ያሱኩኒን የሚያየው በዚያ ዓይን ነው።

የፓርቲው መሪ ከሆኑ በኋላ ግን በ2025ቱ የመከር በዓል ሳይሄዱ ቀሩ። ፈርተው ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። እናንተስ? መድረኩ ክፍት ነው።