አጸዱን የጠበቀው ማን ነው?



በደቡብ ጎንደር ያለፈ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ማሳው ተራቁቷል፣ ኮረብታው ገጧል፤ በመካከሉ ግን ወይራና ጽድ የተጠቀጠቀበት አጸድ ብቅ ይላል። ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። ለዘመናት ያቆየው የደን ዘበኛ የለም። ካህኑም ገበሬውም ዛፉን ከታቦቱ ክብር ለይተው አያዩትም፤ ከዚያ ቅርንጫፍ መቁረጥ ድፍረት ነው።

ስሜት ቦታን ይጠብቃል፤ ቦታም ውለታውን ይመልሳል። ሮጀር ኡልሪክ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ለታተመ ጥናታቸው፣ በፔንሲልቫኒያ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሕሙማን መዝገብ አገላብጠው ነበር። መስኮታቸው ወደ ዛፍ የሚያይ ሕሙማን የጡብ ግድግዳ ከተደቀነባቸው ይልቅ ቶሎ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ጠንከር ያለ ማስታገሻም ብዙ አልፈለጉም። የተነጻጸሩት 23 ጥንድ ሕሙማን ብቻ ናቸውና ነገሩ በዚህ ተቋጨ አልልም። ቢሆንም በአጸድ ጥላ ሥር ያረፈ ሰው ውጤቱ አይገርመውም።

ክብር ብቻውን ግን አይበቃም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን አጸዶች ሲያጠኑ፣ ከብት ችግኙን እየጋጠና እየረገጠ ዛፎቹን ተተኪ እንደሚያሳጣቸው አሳይተዋል። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱን አማከሩ፤ በአንዳንድ አድባራት ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተካበ። ድንጋዩ ከማሳ ሲለቀም ለገበሬውም እርሻው ቀለለው። ሕዝቡ ቀድሞም የሚወደው ነገር አጥር አገኘ፤ እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው።

እኛ ከተሜዎች በተቃራኒው ማስፈራራት እንወዳለን። «ምድር ልትጠፋ ነው» የተባለ ሰው ለጊዜው ይደነግጣል፣ ሲደጋገምበት ጆሮውን ይደፍናል። የጎደለን ግን ፍርሃት ሳይሆን የእኔነት ስሜት ነው። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቆሻሻ የሚጥለው ጎረቤታችን ንጽሕና ጠፍቶት ነው? የራሱን ሳሎን እኮ አንጥፎ፣ ዕጣን አጭሶ ነው የሚኖረው! ከበሩ ማዶ ያለው ግን የማንም ሆኖበታል። በዚያው ሕንጻ አንዲት እናት የዘይት ጀሪካን ቆርጠው ጤና አዳም ቢተክሉ፣ ጎረቤቱ ለቡናው እየቀጠፈ ይወስዳል፤ እሳቸው በሌሉበት ቀንም ውኃ የሚያጠጣ አይጠፋም።

በየክረምቱ ችግኝ የምታስተክሉ ኃላፊዎች፣ አንድ ልመና አለኝ። ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት የሰፈሩን ሰው ጠይቁት፤ እድሩ ድንኳኑን የት ይጥላል? ሽማግሌዎቹ የት ይቀመጣሉ? ልጆቹስ የት ይጫወታሉ? ችግኙን እዚያ አጠገብ ትከሉ፤ የሚንከባከበውንም ሰው ከእነሱው መካከል እነሱው ይምረጡት።