ኳሱ ተይዟል ወይስ አልተያዘም?

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል የእራት ግብዣ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሕክምና ውጪ የሆነ፣ ግን ሐኪም የሚያስብበት ነገር ተናገሪ» ብለውኛል። እኔም የአሜሪካ ፉትቦልን መረጥኩ። ከመምህሮቻችን መካከል «ደግሞ ይሄ በእጅ እየያዙ እግር ኳስ የሚሉት ነገር!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ፤ የማነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ሰው ኳስ ያዘ የሚባለው መቼ ነው? ሕፃን ልጅ የሚመልሰው ይመስላል፣ አይደል? ኤንኤፍኤል የሚባለው ትልቁ ሊግ ግን ይህን ጥያቄ ለመመለስ ዓመታት ፈጅቶበታል።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ኳሱን ወደ ፊት ይወረውራል፤ ተቀባዩ ሮጦ ይቀልበዋል። ኳሱ ሳይያዝ መሬት ከነካ ሙከራው ባዶ ነው፤ ጨዋታው ወደ ነበረበት ቦታ ይመለሳል። ይዞት ከጣለው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ይህ ፋምብል ይባላል፤ ባላጋራው አንሥቶት መሮጥ ይችላል። እንግዲህ «ሳይይዘው ወደቀ» እና «ይዞት ጣለው» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ጨዋታ ይገለብጣል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ያለው ደግሞ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰች ጊዜ ውስጥ ነው።

ሕጉ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ኳሱን በእጅ ወይም በክንድ መቆጣጠር። ሁለተኛ፣ ሜዳው ውስጥ በሁለት እግር ወይም ከእጅ ሌላ በሆነ የአካል ክፍል መሬት መንካት። ጣጣው ያለው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ከያዘ በኋላ እንደ ኳስ ያዥ አንድ ነገር ለማድረግ የሚበቃ ጊዜ ማግኘት አለበት። እየወደቀ በሚይዝ ተጫዋች ላይ ደግሞ እስከ 2018 ድረስ ተጨማሪ ሸክም ነበረበት። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።) መሬት ላይ ወድቆ እስኪያበቃ ድረስ ኳሱ ከቁጥጥሩ መውጣት አልነበረበትም።

ይህ ሕግ ያመጣውን እስቲ እንመልከት። በሴፕቴምበር 2010 የዲትሮይት ላየንሱ ካልቪን ጆንሰን ቺካጎ ላይ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው፣ ኤንድ ዞን ውስጥ ዘሎ ኳሱን ቀለበ። ሁለት እግሩ አረፈ፤ ወደቀ፤ ሊነሣ ሲል እጁ መሬት ነክቶ ኳሱ ወጣ። «አልተያዘም» ተባለ፤ ቤርስ 19 ለ 14 አሸነፈ። በጃንዋሪ 2015 ደግሞ የዳላስ ካውቦይሱ ዴዝ ብራያንት ግሪን ቤይ ላይ ተከላካይ ላይ ዘሎ ያዘ፤ እየተንገዳገደ ኳሱን ወደ ጎል መስመሩ ዘረጋ፤ ሲወድቅ ኳሱ መሬት ነክቶ ነጠረ። ሜዳ ላይ «ተይዟል» ተብሎ የነበረው በድጋሚ እይታ ተሻረ፤ ፓከርስ 26 ለ 21 አለፈ። በዲሴምበር 2017 የፒትስበርጉ ጄሲ ጄምስ በጉልበቱ ተንበርክኮ ኳሱን መስመሩን አሻገረ፤ መሬት ሲነካ ኳሱ እጁ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ተሻረ። ፓትሪየትስ 27 ለ 24 አሸነፈ።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። በዚህ ሕግ ግን በእጅ ያለ ኳስ እንዳልተያዘ ይቆጠር ነበር!

ተከራካሪዎቹ ሁለት ወገን ናቸው፤ በየጠረጴዛው ስዞር እንደሰማሁት ሁለቱም ዛሬ እዚህ አሉ። አንደኛው ወገን «ለዳኛ የሚታይ ነገር ስጡት፤ መሬቱ ምስክር ነው፤ ኳሱ ከወጣ አልተያዘም፣ በቃ» ይላል። ሌላው «ስታዲየም ሙሉ ሰው ሲይዘው ያየውን አልያዘም የሚል ሕግ ምን ይሠራል?» ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የድሮው ሕግ ስህተቱ ጥብቅ መሆኑ አልነበረም። የተጠየቀውን ነገር ትቶ ለመለካት የሚቀለውን መለካቱ ነበር። ጥያቄው «ያዘው ወይ?» ነው፤ ሕጉ የሚመልሰው ግን «ወድቆ ሲያበቃ ኳሱ የት ነበር?» የሚለውን ነው።

እኛ ሐኪሞች ይህን ነገር በደንብ እናውቀዋለን። የቲቢ መዝገቡን አስታውሱ። በሳንባ ቲቢ የታመመ ሰው «ድኗል» ተብሎ የሚጻፈው ሕክምናውን ጨርሶ የአክታው ምርመራ ነጻ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። መድኃኒቱን በሥርዓቱ ወስዶ፣ ሕክምናው ከሽፏል የሚያሰኝ ምልክት ሳይኖር፣ የአክታው ውጤት ግን ያልተመዘገበለት ደግሞ «ሕክምናውን ጨርሷል» ይባላል። ሁለቱ ተደምረው «የተሳካ ሕክምና» ቢባሉም ለየብቻ ይጻፋሉ፤ የምናውቀውና የምንገምተው እንዳይቀላቀል። የፉትቦል ዳኛ እንዲህ ያለ ሁለተኛ ዓምድ የለውም። በደቂቃዎች ውስጥ አዎ ወይም አይደለም ማለት አለበት። ስለዚህ የሚሰጠው ትርጉም ወደ እውነተኛው ነገር በጣም የቀረበ መሆን ይኖርበታል።

«ካሜራው አለ፣ ምን ችግር አለ?» ትሉ ይሆናል። የፕሪሚየር ሊግ ተከታታዮች ቫር የእግር ጣት ኦፍሳይድ ሲያወጣ ያላችሁትን አስታውሱ። የመሣሪያው ጥራት የላላን ትርጉም አይጠግንም። እንዲያውም ዱሮ የማይታየውን ጥቃቅን ነገር እያሳየ ያባብሰዋል፤ ምልክት የሌለውን ሰው ኤምአርአይ አንሥተን በምናገኘው ነገር ስንቸገር እንደምናየው። ሕጉ የሚጠይቀው ሦስተኛው ነገር ጊዜ ነው። እኛ ደግሞ ጊዜን ለመፍረድ ፊልሙን እያዘገየን፣ አንዳንዴም ጭራሽ አቁመን እናያለን። በዝግታ ሲታይ የኳሱ ቅንጣት እንቅስቃሴ ሁሉ ከእጅ የወጣ ይመስላል።

በማርች 2018 የሠላሳ ሁለቱ ቡድኖች ባለቤቶች ያለ አንድ ተቃውሞ ሕጉን ለወጡት። ወድቆ እስኪያበቃ የሚለው ሸክም ተነሣ። የኳሱ ትንሽ መንቀሳቀስ ብቻውን ቁጥጥር ማጣት መሆኑ ቀረ። ሦስተኛው ነገርም በግልጽ ተጻፈ፤ ሦስተኛ እርምጃ መራመድ፣ ኳሱን ወደ ፊት መዘርጋት፣ ወይም እንዲህ ያለውን ለማድረግ የሚበቃ ጊዜ ማግኘት። የጆንሰንና የብራያንት ዓይነቱ ኳስ ተይዟል መባል እንዳለበት ሕጉን ያረቀቁት ሰዎችም ተስማምተዋል።

አሁን ደግሞ «ሦስተኛውንም አውጡት፤ ቁጥጥርና ሁለት እግር ይበቃል» የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ እንደ ሐኪም እቃወማለሁ። ያ ሦስተኛ ነገር ባይኖር፣ ኳሱ እጁ ላይ ባረፈባት ቅጽበት ተመትቶ የለቀቀ ተቀባይ ሁሉ ፋምብል ሠራ ይባል ነበር። ተከላካዩ ቀድሞና አጥብቆ በመምታቱ ኳስ ይሸለማል ማለት ነው። ሊጉ ራሱን ለመከላከል ጊዜ ያላገኘ ተቀባይ ጭንቅላቱ ላይ እንዳይመታ የሚከለክል ሌላ ሕግ አለው። በአንድ እጅ ጭንቅላቱን እየጠበቅን በሌላው ለሚመታው ሽልማት መስጠት የለብንም። የጭንቅላት አደጋ የደረሰበትን ወጣት ያከማችሁ፣ ያቺ ግማሽ ሴኮንድ ምን እንደምታክል ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ዳኞቹ ልበል። በ2010ም በ2015ም ብዙ ስድብ ወርዶባቸዋል። እነሱ ግን በእጃቸው ያለውን ሕግ ነው የፈረዱት። በዚያች ደቂቃ አዝነው ሕጉን ቢያጣምሙት ኖሮ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚጫወተው ቡድን በየትኛው ሕግ ሊዳኝ ነው? ክፉ ሕግ የሚስተካከለው ሰዓቱ ሊያልቅ ሠላሳ ሴኮንድ ሲቀረው አይደለም። ውድድሩ ሲያበቃ፣ በግልጽ ስብሰባ፣ ለሁሉም እኩል ነው። የ2018ቱ ለውጥ ክርክሩን አልጨረሰውም፤ «የሚበቃ ጊዜ» የሚለው ዛሬም ፍርድ ይጠይቃል። ነገር ግን ክርክሩ ከመሬቱ ወጥቶ መሆን ወዳለበት ቦታ፣ ወደ ተጫዋቹ መጥቷል።

መምህሮቻችን፣ እናንተም በየዓመቱ ተመሳሳይ ሕግ ትጽፋላችሁ። ተማሪው የአከርካሪ ፈሳሽ ቀድቷል፣ ማዋለድ ሠርቷል ተብሎ መዝገቡ ላይ ምልክት ይደረግለታል። መርፌው መግባቱን መቁጠር ይቀላል። ከዚያ በኋላ ውጤቱን አንብቦ ምን ያደርጋል? ብቻውን ቢሆንስ? እሱ ነው ሦስተኛው ነገር። መመዘኛውን በምትከልሱበት ጊዜ እንዳትረሱት አደራ። እኛም በየሆስፒታሉ ሬዚደንት የምናሠለጥን ሁሉ ይኸው ዕዳ አለብን።

ዳላስ የምትኖሩት ጓደኞቻችን ብራያንት ይዞታል ትላላችሁ። እኔም በአዲሱ ሕግ ይዞታል እላለሁ፤ በዚያን ቀን ሕግ ግን አልያዘም። የቀረውን እራቱ ላይ እንከራከር።